ምላጭ በእጃቸው፣ «ምን ይታይሃል?» በአፋቸው

በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ አደገኛው «እውነቱን ንገረኝ፤ አልቀየምህም» የሚለው ነው። ሌባ ቢሆን በር ትዘጋበታለህ፤ ውሸታም ቢሆን ጆሮ ትነፍገዋለህ። ይህኛው ግን የሠራውን ነገር ከፊትህ ያቆምና እጁን አጣምሮ ዓይን ዓይንህን እያየ ይጠብቅሃል። እውነቱን ብትነግረው ይቀየማል፤ ብታሞግሰው «ለይሉኝታ ነው» ይልሃል፤ ዝም ብትል «ምነው፣ ይሄን ያህል ያስጠላል?» ብሎ ያፋጥጥሃል። አንዱ ግጥም ጽፎ ይመጣል፣ ሌላው ቤቱን ቀለም አስቀብቶ፣ ሌላዋ ሶፋ ቀይራ። እናንተም ቢያንስ አንድ እንዳላችሁ አልጠራጠርም።

የኛን ሰፈር ግን በዚህ ጉዳይ ማንም አይደርስባትም። የኛው «እውነቱን ንገረኝ» ባይ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ስለዚህ አስተያየት የሚጠይቁት ጉሮሮህ ላይ ምላጭ አሳርፈው ነው።

«ሊቀ ቀለማት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ወንበራቸው ላይ ስቀመጥ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን ማዕረግ ይገባቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስታወት ፊት ቆመው፣ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ራስ ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ሁለት ወንበር አላቸው፤ አንዱ ይሽከረከራል፣ አንዱ ደግሞ ድሮ ይሽከረከር ነበር። ከበስተኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ተራ የምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ላይ ተቀምጦ ያልተከራከረና ሰው ያላማ የሰፈራችን ወንድ የለም።

ሥዕል የጀመሩት በስህተት ነው። የሱቃቸውን ግድግዳ ሊያድሱ አስበው ቀለም ገዙ፤ የትኛው እንደሚሻል ለመለየት አንድ አሮጌ የቁም ሣጥን በር ላይ እየቀቡ ይሞክሩ ጀመር። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን በላዩ፣ አንዱን በጣታቸው አንዱን በመላጫ ብሩሻቸው። አንድ ቀን ባሏን ልትወስድ የመጣች ሴት ያንን በር አየችና ቆመች። ሴትዮዋ የሥዕል አዳራሽ ኃላፊ ነበረች። ባሏ ተላጭቶ፣ ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ ጨረሰ፤ እሷ አሁንም በሩን እያየች ነው። ማን እንደሠራው ስትጠይቅ ሊቀ ቀለማት ጥፋት የተገኘባቸው መስሏቸው የቀለም መሞከሪያ እንደሆነ አስረዱ።

«ምንም ነገር አለመምሰሉ ነው የገረመኝ» አለች። «ይሄ እኮ ረቂቅ ሥዕል ነው። ሌላ ከሠሩ ያሳዩኝ።»

ይህን ብላ ባሏን ይዛ ሄደች። ለወግ ያህል የተናገረችው ነገር ሰው ቤት ገብቶ ሕግ እንደሚሆን በምን ታውቃለች? ሊቀ ቀለማት ከዚያች ቃል ውስጥ «ሥዕል» የሚለውን ሳይሆን «ምንም ነገር አለመምሰል» የሚለውን ይዘው ቀሩ። በሳምንቱ የጓዳቸው ክፍል ሸራ በተወጠረበት እንጨት ተሞላ። ፀጉር የምንታጠብበት ሳህን የብሩሽ መንከሪያ ሆነ። አንዳንዶቻችን ከታጠብን በኋላ ጆሯችን አረንጓዴ ሆኖ ቤት ገብተናል። እኛም ከደንበኝነት ወደ ሥነ ጥበብ ሐያሲነት ተዛወርን፤ ሹመቱን ማንም አልጠየቀም።

የአሠራራቸው ደንብ እንዲህ ነው። ሥዕሉ ሲደርቅ ከጓዳ አውጥተው መስታወቱ አጠገብ ያቆሙታል። ወንበሩ ላይ ያለው ምስኪን ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ አንገቱን ቀና አድርጓል። ምላጩን ያሳርፉና «ምን ይታይሃል? እውነቱን ንገረኝ፤ አልቀየምህም» ይሉታል። ሰውየው አንድ ነገር ከታየው ሥዕሉ ሞተ። «ስም ያለው ነገር ከታየበት ምኑን ረቂቅ ሆነ?» ይላሉ። ወዲያው ሸራውን ወደ ጓዳ ይመልሱና ነጭ ቀለም ያለብሱታል፤ ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀምራሉ።

ችግሩ፣ ሰው የተባለ ፍጡር ምንም ሳይታየው መዋል አይችልም። ደመና ቢያይ በግ ነው፤ የግድግዳ ስንጥቅ ቢያይ ወንዝ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሲጠይቁኝ፣ የዋህ ነበርኩና፣ ዶሮ እንደሚታየኝ በደስታ ነገርኳቸው። ያውም ጅራቱ ያማረ አውራ ዶሮ። ምላጩ ግራ ጉንጬ ላይ ቆመ። ሊቀ ቀለማት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ሸራውን ብድግ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ፤ አልተመለሱም። ብጠብቅ ብጠብቅ የብሩሽ ድምፅ ብቻ። በመጨረሻ አረፋውን በፎጣ ጠርጌ፣ ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ ግማሹን እንዳጎፈርኩ ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ ውሃ ሄደብኝ አልኩት፤ ይህን ማንም ያምናል።

እኔስ ከዚያ ወዲህ ተጠነቀቅሁ፤ ባለ ሉካንዳው ግን አልተቻለም። ባለ ሉካንዳው የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ የሕፃን ልብ። ዓለምን የሚያውቃት በብልት በብልቷ ነው። ቀይ የበዛበት ሥዕል አሳዩትና ጠየቁት፤ «ጋሼ፣ ጉበት ነዋ፤ ያውም የደህና በሬ ጉበት» አላቸው። እሱ ማድነቁ ነበር። ቀዩን አጥፍተው በአረንጓዴ ቀየሩት፤ «አሁን ደግሞ ሐሞቱ ፈሰሰበት» አለ። አረንጓዴውን ነጭና ቢጫ ሲያደርጉት ፊቱ ፈካ አለና እንዲህ ያለ ጮማ ካየሁ ቆየሁ ብሎ ሊስመው ምንም አልቀረውም። ሊቀ ቀለማት ያን ቀን ሱቃቸውን ቀድመው ዘጉ።

ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር ደግሞ ሦስት ማዕዘን ያያሉ። ምንም ዓይነት ቀለም ይሁን፣ ምንም ያህል ተድበስብሶ ይቀመጥ፣ መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ሦስት ማዕዘን ያወጡለታል። ሦስት ማዕዘን ዕቃ እንዳልሆነ፣ ሐሳብ እንደሆነና እንደ ነገር ሊቆጠር እንደማይገባ ከአግዳሚው ላይ ለረጅም ሰዓት አስተምረዋል። ሊቀ ቀለማት እስኪጨርሱ ጠብቀው ስም አለው ወይስ የለውም ብቻ ብለው ጠየቋቸው። መምህሩ ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ስም አለው አሉ። ሥዕሉ ተቀበረ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሸራው ሁሉ በላይ በላዩ ቀለም ጠጥቶ እንደ በር ከበደ። አንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ጀመር። አንድ ቀን የአንዱ ጥግ ተቦድሶ ስናይ፣ የኔ ዶሮ ከመምህሩ ሦስት ማዕዘንና ከጉበቱ ሥር ተቀብሮ አገኘነው።

በዚህ መሐል የአዳራሽ ኃላፊዋ ተመልሳ መጣች። አዳዲስ ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ዝግጅት እንዳለና ለሊቀ ቀለማት አንድ ሙሉ ግድግዳ እንደያዘችላቸው ነገረቻቸው። የመጥሪያ ካርዱን ሰጠቻቸው፤ «ታዳጊ ሠዓሊ» ይላል። ባለቤታቸው፣ እትዬ የምንላት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሱቁ ጎን ባለችው ክፍል ስፌት ማሽኗን ስታንጫጫ ትውላለች። ካርዱን አንብባ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ አላቆም ብሏት ተቀመጠች።

«ታዳጊ ማለት እኮ ጥርስ የሚያበቅል ነው» አለች። «የኔው ማርገፍ ጀምሯል።»

ሳቁ ብዙም አልቆየም። ኃላፊዋ ሥዕሎቹ ወሩ ሳያልቅ ካልደረሱላት ግድግዳውን ለሌላ ሠዓሊ እንደምትሰጥ ተናግራ ነበር። ሊቀ ቀለማት ደግሞ በእጃቸው አንድም የተረፈ ሥዕል አልነበራቸውም። ቀን ይሥላሉ፣ እኛ እናያለን፣ እሳቸው ያጠፋሉ። ፊታቸው ከሳ። ሲላጩን ማውራት ተዉ፤ ፀጉር አስተካካይ ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ሉካንዳ ቤቱ በር ላይ ቆመን ሳለ እትዬ መጣች። ባለ ሉካንዳው፣ መምህሩና እኔ ነበርን። የስፌት መቀሷን እንደያዘች ነው የመጣችው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሩ አብጦ ነው ቤት የሚገባው» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ይሄ አማረኝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን አንድ ግድግዳ አማረው። እሱንም በናንተ ዓይን ሊያጣው ነው።»

ባለ ሉካንዳው ቢላውን እየጠረገ፣ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ እውነቱን ንገሩኝ ስላሉን እንደነገርናቸው አስረዳ።

«እውነቱን ማን ጠየቃችሁ?» አለች እትዬ። «ዓይናችሁን ያዙልኝ።»

እዚያው ቆመን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ምንም እንዳይታየው ተስማማን። ዝም አይነቅዝም ተባባልን። በማግስቱ መምህሩ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ፣ ጥያቄው ገና ሳያልቅ «ምንም» አሉ። ሊቀ ቀለማት ደነገጡ። ሳያዩ እንደመለሱ ጠረጠሩ፤ አይተው ከሆነ ደግሞ ምንም ማለት ባዶ ማለት እንደሆነ፣ ባዶ ሸራማ ሱቅ እንደሚሸጥ አማረሩ። ሥዕሉ ተቀበረ። ባለ ሉካንዳው «ደስ ይላል» ቢላቸው መጋረጃም ደስ ይላል ብለው ያኛውን ቀበሩ። ተስፋ ቆርጠን ነበር።

መድኃኒቱ የተገኘው ከኔ አፍ ነው፤ ዕውቀት ግን አልነበረም፣ ጭንቀት ነበር። ፊቴ አረፋ፣ ጉሮሮዬ ላይ ምላጭ፣ ከፊቴ ደግሞ ግመል። ከነሻኛው፣ ከነረጅም አንገቱ የቆመ፣ ማንም የማይስተው ግመል። «ምን ይታይሃል?» አሉኝ። ግመል እንዳልል የእትዬ መቀስ ታወሰኝ፤ ምንም እንዳልል የመምህሩ ነገር ታወሰኝ።

«እንጃ» አልኩ።

ምላጩ ተነሳ። «እንጃ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እንጃ፣ ጋሼ።»

ወደ ኋላ ሄድ ብለው ሥዕሉን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ እንደገና ሥዕሉን። ከዚያ ፊታቸው እንደ ጠዋት ፀሐይ ፈካ። ሰው እንጃ ካለ ሥዕሉ አሸንፎታል ማለት ነው ብለው አወጁ። ሸራውንም ወደ ጓዳ አልመለሱትም፤ ከግድግዳው ጋር ፊቱን አዙረው በክብር አስቀመጡት። ሁለቱንም ጉንጬን ላጭተው ሸኙኝ።

ከዚያማ «እንጃ» የሰፈሩ ቋንቋ ሆነ። መምህሩ አባባሉን ለሁላችንም አሠለጠኑ፤ ቶሎ አይባልም፣ መጀመሪያ ዓይን ጠበብ ይላል፣ አንገት ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፣ ትንፋሽ ይወሰዳል፣ ከዚያ ትከሻ ሰበቅ ተደርጎ ነው የሚባለው። ባለ ሉካንዳው ግን ሥልጠናው አልገባ አለው። ዓይኑን ጠበብ ሲያደርግ ኩላሊት ይታየዋል፣ አንገቱን ሲያዘነብል ሽንጥ። መፍትሔውን ያገኘችው እትዬ ናት። እሱ ወንበር ላይ በተቀመጠ ቁጥር ትኩስ ፎጣ ይዛ ትገባና ለቆዳው ጥሩ ነው ብላ ዓይኑ ላይ ትጥልለታለች። እሱም ከፎጣው ሥር በዚያ ወፍራም ድምፁ «እንጃ ጋሼ» ይላል። ሊቀ ቀለማት ሰውየው ሥዕሉን ሳያይ እንጃ ማለቱን ልብ አላሉም፤ ቃሉ ብቻ በቅቷቸው ነበር።

ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ተረፉ። ሊቀ ቀለማት ሲላጩን ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ድምፃቸው ጥሩ አይደለም፣ ነገር ግን ማንም እውነቱን አልነገራቸውም። ለአዳራሽ ኃላፊዋም በእርሳቸው ሥዕል ላይ በሰፈሩ አንድም ሰው አንድም ነገር እንዳላየ በኩራት ነገሯት። ሴትዮዋ ይህ ምን ዓይነት ኩራት እንደሆነ ሳይገባት ፈገግ አለች።

አንድ ሥዕል ብቻ ለማንም አላሳዩም። ትልቅ ነው፤ በጓዳው በር አይወጣም። ዝግጅቱ ሊከፈት ሲል እንጨቱን ፈተው፣ ሸራውን ጠቅልለው አዳራሹ ውስጥ መልሰው ወጠሩትና በአንሶላ ሸፈኑት። እኛ ልብሳችንን ተኩሰን፣ ጫማችንን ወልውለን ደረስን። ሊቀ ቀለማት እትዬ የሰፋችላቸውን አዲስ ኮት ለብሰው በር ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው ግን ፌስታል አለ። በፌስታሉ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና አንድ ሰፊ ብሩሽ።

ኃላፊዋ ደንግጣ ምን እንደያዙ ስትጠይቅ መድኃኒት ነው አሉ። ትልቁ ሥዕል በሰው ዓይን አልተፈተነምና እዚሁ እንደሚፈትኑት፣ ስም ያለው ነገር ከታየበት እዚሁ እንደሚያለብሱት ገለጹላት። ሴትዮዋ የሰማችውን አላመነችም። እኛ ግን አምነናል፤ ስንት ቀብር የቆምን ሰዎች ነን።

አንሶላውን ገለጡት።

መጀመሪያ የእውነት ምንም አልታየኝም፤ እፎይ አልኩ። ውሃ ሰማያዊና ግራጫ፣ እንደ ብርሃን የሚንሳፈፍ ነገር፣ ታች ደግሞ ወፍራም ቡናማ መስመር። ከዚያ ቡናማው መስመር አግዳሚ ወንበር ሆነ። በላዩ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ የተንሰራፋ ቀይ አለ፤ ባለ ሉካንዳው ነው። ከጎኑ ቀጥ ያለ፣ ግድግዳውን የማይደገፍ ቀጭን ግራጫ አለ፤ ከመምህሩ በቀር እንደዚያ የሚቀመጥ የለም። የአግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ታች በኩል የተጠላለፈ ቢጫ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። እግሬን አጣምሬ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በስተዳር ደግሞ ረጅም ሰማያዊ ቆማለች፤ እትዬ ናት፣ ምሳ ደረሰ ልትል በሩ ላይ እንደምትቆመው። ውሃ ሰማያዊው መስታወቱ ነበር። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመው፣ ለካ በመስታወት ውስጥ ሲያዩን ኖረዋል። እጃቸው ያውቀናል፤ እሳቸው ግን እጃቸው ምን እንደሠራ አላወቁም።

እትዬ አጠገቤ ነበረች። እጇ አፏ ላይ ነው፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዝም በል» አለችኝ።

ሊቀ ቀለማት ብሩሹን ከፌስታሉ አወጡና በመጀመሪያ ወደ ማን ቢዞሩ ጥሩ ነው? ወደ ባለ ሉካንዳው። ፎጣ የለም፤ ዓይኑ በሰፊው ተከፍቶ ያንን ቀይ እያየ ነው። «ምን ይታይሃል? እውነቱን ንገረኝ፤ አልቀየምህም» አሉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና መምህሩም እኔም ትንፋሻችንን ዋጥን። ያ የባለ ሉካንዳው ሰፊ ደረት ከፍ ዝቅ አለ።

«እንጃ፣ ጋሼ» አለ፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰነጠቀ።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ እንጃ አሉ። እኔ እንጃ አልኩ። እትዬ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንጃ አለች። ሊቀ ቀለማት አንድ በአንድ ፊታችንን አዩ፤ ሥዕሉንም አዩት። ብሩሹን ወደ ፌስታሉ መለሱ።

«እንግዲያው አለቀ» አሉ።

ይህን ቃል ስለ ሥዕል ሲሉ ሰምተናቸው አናውቅም። ባለ ሉካንዳው አቅፏቸው ከመሬት አነሳቸው፤ አዲሱ ኮት ብብቱ ላይ ተተረተረ፤ እትዬ እያለቀሰች ሳቀች። በዚህ መሐል አንድ የማናውቀው ሰው ሥዕሉ ፊት መጥቶ ቆመ፤ አንገቱን አዘነበለ፣ ጣቱን ቀሰረ፣ «ይሄ እኮ…» ብሎ ጀመረ። ባለ ሉካንዳው ሊቀ ቀለማትን አስቀምጦ ሰውየውን በትከሻው አቀፈውና፣ ሌላው ጫፍ ላይ የበለጠ የሚያምር ሥዕል እንዳለ እየነገረው በፍጥነት ይዞት ሄደ። እስካሁን በየተራ እየሄድን እንጠብቃለን፤ ጣቱን የሚቀስር ሰው ካየን አቅፈን እንወስደዋለን።

እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ ግን የጋዜጠኛ ሆድ ሆኖ አልፈጅ አለ። ሊቀ ቀለማት ይህን ያነቡት ይሆን ብላችሁ አትስጉ። ጋዜጣችን ሱቃቸው ሳያቋርጥ ይገባል፤ የኔ ዓምድ ያለበት ገጽ ግን ወረቀቱ ቀለም ይመጥጣል እየተባለ ከመነበቡ በፊት ብሩሽ ይጠረግበታል። ይህ ድሮ ያስከፋኝ ነበር፤ ዛሬ ምስጋና ይግባው። እትዬ ደግሞ ለማንኛውም ገጹን አስቀድማ ቀለም እንደምትነክረው ቃል ገብታልኛለች።

አደራዬ ለናንተ ነው። አዳራሹን ካለፋችሁበት ግቡና እዩት፤ ሥሩ «ርዕስ የለውም» ይላል። ብብቱ ላይ የተጣፈ አዲስ ኮት የለበሱ አንድ ሰው ጠጋ ብለው ምን እንደሚታያችሁ ከጠየቋችሁ፣ ዓይናችሁን ጠበብ፣ አንገታችሁን ዘንበል፣ ከዚያ እንጃ። እኔ ሰው ወዶኝ እንደሚያየኝ ያወቅሁት እዚያ ሥዕል ፊት ቆሜ ነው። ጫፉ ላይ ተቀምጫለሁና ነጭ ቀለም እንዳታስቀቡኝ።